ለኦርኬስትራው የመጣ ሻይ

አብነት ሰፈር ባለችው ጠባብ ስቱዲዮዬ፣ መብራት እንዳይጠፋ እየሰጋሁ፣ የአንድ ሙሉ ኦርኬስትራ ድምፆች ኮምፒውተሬ ላይ ስጭን ዋልኩ። ተጭኖ እንዳለቀ ቫዮሊኑንም ጥሩምባውንም ከበሮውንም ባንድ ላይ አስጮህኩት። ብዙ ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴዋ እትዬ ዘሃራ ትሪ ሙሉ ሻይ ይዘው ቆመዋል።

«ዛሬስ ሰው መጣልህ! እንግዶችህ የታሉ?»

«ማንም የለም እትዬ፤ ኮምፒውተሩ ነው።»

ክፍሏን ቃኙ። ያለው አንድ ወንበር ነው። ልጅ ሆኜ መርካቶ ምን አለሽ ተራ በረንዳ ላይ ሳድር፣ ከጣሳ የሠራሁትን ክራር ስመታ «ዝም በል!» ያለኝ ብዙ ነው፤ ሻይ ያመጣልኝ ግን አልነበረም።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ማን ይጠጣዋል?» አሉና ሳቁ። «በል አንዱን አንሳ፤ ያንንም መልሰህ ክፈተው።»

ወንበሬን ለቀቅኩላቸው። የተረፈው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ቆሜ ተጫወትኩላቸው።