ከክዳኑ ኋላ ስለነበረው ሌንስ

የምስክሩ ስም፦ በላይነህ አገኘሁ
ዕድሜ፦ 17
ሥራ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ
አድራሻ፦ ደቡብ ጎንደር፣ ወረታ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሳጅን ደሞዝ
ጉዳዩ፦ የሟች ሰውመሆን አገኘሁ የካሜራ ሌንስ በለቅሶ ላይ ተሰርቋል ተብሎ የቀረበ አቤቱታ
ምስክሩ ዕድሜው ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ስለሆነ እናቱ ወ/ሮ እማዋይሽ ቃሉ ሲሰጥ አብረው ተገኝተዋል።

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር የሟች ሰውመሆን አገኘሁ ታናሽ ወንድም ነኝ። ወንድሜ በወረታ ከተማና በፎገራ ቀበሌዎች እየተዘዋወረ በሳጥን ካሜራ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። ከትምህርት ሰዓት ውጭ አብሬው ስለምሠራ ካሜራውንና ሌንሶቹን አውቃቸዋለሁ። ዛሬ የምሰጠው ቃል ሌንሱ የወንድሜ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነው። ተጠርጥረው የተያዙት ብረት ቀጥቃጩ አቶ ዘሩ እንዳልሰረቁትም የሚያረጋግጥ ነው።

በመርማሪው ጠረጴዛ ላይ የቀረበልኝ ሌንስ የዱቄት ወተት ጣሳ የሚያህል፣ ቱቦው ነሐስ የሆነ ነው። ወንድሜ ያገኘው ሥራውን ካስተማሩት ከአንበሳሜው ፎቶ አንሺ ከአቶ መንግሥቴ ነው። በአፉ ዙሪያ የተቀረጸው የሠሪው ስም ከመወልወል ብዛት ስለጠፋ እኛ የምንለየው በመስታወቱ ነው። ሌንሱን ወደ መስኮቱ አዙሬ ለመርማሪው አሳይቻለሁ። የመስኮቱ ምስል በውስጡ ተደጋግሞ ይታያል። ደማቁ ምስል መስታወት ከአየር ጋር የሚገናኝበት ነው፤ ደብዛዛው ሁለት መስታወት በሙጫ የተጣበቀበት ነው። በፊት በኩል ሁለት ደማቅና አንድ ደብዛዛ፣ በኋላ በኩል አራት ደማቅ ይታያል። ስለዚህ የፊቶቹ ሁለት መስታወቶች ተጣብቀዋል፣ የኋላዎቹ ተለያይተዋል። ድሮ የሰው ፊት ለማንሣት የሚሠራ ሌንስ እንዲህ ነው። የፊተኛው ሙጫ ጠርዙ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ቢጫ ሆኗል፤ የኛም እንዲሁ ነበር።

በቱቦው ጎን ባለው ስንጥቅ ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ ይገባል። ፀሐይ ሲበረታ ጠባቡን፣ ሲደምን ሰፊውን እንጠቀማለን። እነዚህን ቆርቆሮዎች ከዘይት ጣሳ ላይ ቆርጠን የሠራናቸው እኔና ወንድሜ ነን። በሌንሱ ውስጥ የተገኘው ቆርቆሮ ጀርባው ላይ የሱፍ አበባ ግማሽ ሥዕል አለበት። ሌላውን ግማሽ ከቤት አምጥቼ ከዚያ ጋር አጋጥሜ አስረክቤያለሁ። አበባው አንድ ሆኗል።

ነሐሴ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ወንድሜ ለሥራ ወደ ቁሐር ሚካኤል ሄደ። እዚያ ወ/ሮ ውባንቺን ከልጅ ልጃቸው ጋር በሩዝ ማሳቸው ዳር ካነሣ በኋላ ዝናቡ ስለበረታ ካሜራውን ቤታቸው አስቀምጦ ተመለሰ። በመንገድ ላይ ጎርፉ ወሰደው። በማግስቱ ተገኘ፣ ተቀበረም። ካሜራውን ወ/ሮ ውባንቺ በሰው አሸክመው ወደ ለቅሶው አመጡት።

በአካባቢያችን ልማድ የሟች ዕቃ በለቅሶው መካከል ይወጣል። የገበሬ ከሆነ ሞፈሩ፣ የተኳሽ ከሆነ ጠመንጃው ይወጣል። የወንድሜ ካሜራ በሦስት እግሩ ቆሞ የወንድሜን ኮት ለብሶ ወጣ። ኮቱ ጎኑን ስለሸፈነው የሚታየው ሌንሱ ላይ ያለው የነሐስ ክዳን ብቻ ነበር። አልቃሽዋ ክዳኑን ልታነሣ ስትል እናቴ ከለከለቻት፤ "ባለቤቱ ዓይኑን ከድኗል፤ የካሜራውም እንደተከደነ ይቆይ" አለች። ስለዚህ ማንም አልከፈተውም። አቶ ዘሩ ከካሜራው አጠገብ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ይመለከቱት እንደነበር ብዙ ሰው አይቷል፤ እኔም አይቻለሁ።

መስከረም 22 ቀን፣ ለአርባው የቤተሰቡን ፎቶ እንዳነሣ እናቴ ስላዘዘችኝ ካሜራውን አውጥቼ ክዳኑን ከፈትኩ። ከኋላው የነበረው ትልቁ ሌንስ ሳይሆን ከፎቶ ማተሚያ መሣሪያ የተነቀለ ትንሽ ሌንስ ነው። በካርቶን መሐል ተወትፎ ነበር፤ ሰፊው ክዳን እንዳይወልቅበትም ጨርቅ ተጠምጥሞበታል። የእናቴ ወንድም አጎቴ አቶ ገበያው ይህን ሲያዩ "በለቅሶው ቀን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ነሐሱ ነበር። ከሥሩ ተቀምጦ ያፈጠጠው ማን ነው? ድሮም የባለ እጅ ዓይን ያረፈበት አይተርፍም" አሉ።

ወዲያውኑ ከአጎቴ ጋር ገበያ ዳር ወዳለው የአቶ ዘሩ የሥራ ቦታ ሄድን። አጎቴ ፍተሻ ሳይጀምሩ አቶ ዘሩ ከሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለውን ሌንስ አውጥተው በእጄ ሰጡኝ። ከሌንሱ ጋር አዲስ የነሐስ ቀለበት ነበር።

"ይኸው፣ የወንድምህ አደራ" አሉኝ።

አጎቴ "አደራ ከሆነ ወር ሙሉ ምን ያደርጋል ካንተ ዘንድ?" ብለው ጠየቁ።

"የሞተ ሰው ያዘዘውን ሥራ ይዤ ለቅሶ ቤት አልገባም፣ ጋሼ ገበያው። የአባቴም ወግ አይደለም። በአርባው ለእናቱ እጅ በእጅ ላስረክብ ነው።"

"አርባውን ጠብቀህ ነው ወይስ ወሬው እስኪበርድ?"

"ወሬማ እኔ ቤት መቼ በርዶ ያውቃል፤ ከሰል አለ እኮ።"

አጎቴ፣ አቶ ዘሩ ሌንሱን ሳይፈለግ ማውጣታቸውን እንደ እምነት ቃል ቆጥረው አቤቱታ አቀረቡ፤ አቶ ዘሩም ተያዙ። እኔ በዚያን ሰዓት የማስረዳበት ነገር በእጄ አልነበረም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ወንድሜ በመጨረሻ ያነሣውን ፎቶ ለማየት ቁሐር ሚካኤል ወ/ሮ ውባንቺ ዘንድ ሄድኩ።

በወ/ሮ ውባንቺ ግድግዳ ላይ ወንድሜ ያነሣቸው ሁለት ፎቶግራፎች አሉ። አንደኛው የካቻምና ነው፣ ሁለተኛው እሱ በሞተበት ቀን የተነሣ ነው። ሁለቱም አንድ ቦታ፣ አንድ የሩዝ ማሳና አንድ ዋርካ ፊት የተነሡ ናቸው። በካቻምናው ፎቶ ላይ ፊታቸው ጠርቶ ከኋላቸው ያለው ቅጠል እንደ አዙሪት በዙሪያቸው ይዞራል፤ ጥጎቹ ግን ብሩህ ናቸው። ይህ የትልቁ ሌንስ ጠባይ ነው። በሞተበት ቀን ፎቶ ላይ ዋርካው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ የሚዞር ቅጠል የለም፤ አራቱም ጥጎች ጥቁር ናቸው። ትንሹ ሌንስ የሚሰጠው ብርሃን ክብ ሆኖ ጠባብ ስለሆነ ከወረቀቱ ጥግ አይደርስም። ስለዚህ ትልቁ ሌንስ ወንድሜ በሕይወት እያለ ከካሜራው ላይ ወርዷል። ካሜራው ከዚያ ቤት በቀጥታ ወደ ለቅሶው ስለመጣ፣ ለቅሶው ላይ ሊሰረቅ የሚችል ሌንስ አልነበረም።

ወ/ሮ ውባንቺን ስጠይቃቸው "እኔማ ጥግ ጥጉን ምን አጨለመብኝ ብዬ ስቆጣው፣ 'የድሮው ዓይን ታሞ ሐኪም ዘንድ ተኝቷል፣ ሲድን እንደገና አነሣሻለሁ' ብሎ ሳቀብኝ" አሉኝ። የትኛው ሐኪም እንደሆነ አልነገራቸውም። ፎቶግራፎቹን ተውሼ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ።

ሐኪሙ ማን እንደሆነ ያወቅሁት በቀለበቱ ነው። ሌንሱን ከካሜራው ጣውላ ጋር የሚይዘው የድሮ ቀለበት በክረምቱ ጣውላው ሲያብጥ ተሰንጥቆ ነበር፤ ለማን ለጥገና እንደሰጠው ግን ወንድሜ አልነገረኝም። ጣውላው ላይ ሦስት የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። አቶ መንግሥቴ በጥንት ጊዜ ሲበሱት አንደኛውን ወደ ጎን ስለሳቱት እኩል አይራራቁም። አቶ ዘሩ የሠሩት አዲስ ቀለበትም ያው የሳተ ቀዳዳ አለበት። ካሜራውን ፊታቸው አስቀምጦ ያስለካቸው ሰው ከሌለ ይህን ስህተት ከየትም አያገኙትም። ያስለካቸውም ወንድሜ ነው። ካርቶኑን ወትፎ ጨርቁን የጠመጠመው፣ ክዳኑንም መልሶ የከደነው እሱ ነው፤ አጠማጠሙን አውቀዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት በመርማሪው ፈቃድ በጣቢያው ግቢ ውስጥ ሌንሱን በአዲሱ ቀለበት ከካሜራው ጋር አሰርኩት። ብሎኖቹ ያለ ምንም ሞረድ ገቡ። ለሙከራው ፊት የሚቆም ሰው ሲፈለግ አቶ ዘሩ እንዲቆሙ ጠየቅሁ። የግቢው ባሕር ዛፎች ከኋላቸው ሆኑ።

"ለመታሰር ነው ወይስ ለመፈታት የምነሣው?" አሉኝ።

"እርስዎ ብቻ አይንቀሳቀሱ፣ ጋሽ ዘሩ" አልኳቸው።

ሳጅን ደሞዝም አጎቴም በየተራ የካሜራውን ጨርቅ ተከናንበው ምስሉ በሚያርፍበት ደብዛዛ መስታወት ተመለከቱ። ሳጅን "ሰውዬው ተዘቅዝቋል" ሲሉ አቶ ዘሩ ከወዲያ ሆነው "ከገባሁ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ" አሉ። ሰፊውን ቆርቆሮ አስገብቼ ክዳኑን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ወረቀቱንም ሳጥኑ ውስጥ ባለው መድኃኒት አጠብኩ። በወጣው ፎቶ ላይ የአቶ ዘሩ ፊት ጠርቷል፣ ቅጠሉ በዙሪያቸው ዞሯል፣ ጥጎቹ ብሩህ ናቸው። ከወ/ሮ ውባንቺ የካቻምና ፎቶ ጎን ሲቀመጥ አጎቴ ሁለቱንም ለብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም በመርማሪው ፊት "በለቅሶው ቀን እኔ ያየሁት ክዳኑን ነው" ብለዋል። ይህም ቃል በዚህ እንዲመዘገብ ተስማምተዋል።

ቃሌ ከተነበበልኝ በኋላ አንድ ነገር እንዲስተካከል ጠይቄያለሁ። በዕቃው መለያ ላይ "ከተጠርጣሪው ቤት የተያዘ" ተብሎ የተጻፈው "ሥራው ከተሰጠው ሰው ዘንድ የነበረ" ተብሎ ይጻፍልኝ።

ሌንሱን እንድረከብ ተጠይቄ አልተረከብኩም። እናቴም አልተረከበችም። የወንድሜ አርባ በሚመጣው ሳምንት ነው። አቶ ዘሩ ተለቀው ሌንሱና ቀለበቱ ለእሳቸው ይመለስ፤ በአርባው ቀን ራሳቸው ይዘው ይምጡና ለእናቴ እጅ በእጅ ያስረክቡ። የቤተሰቡን ፎቶ የማነሣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወ/ሮ ውባንቺንም በወንድሜ ቃል መሠረት እንደገና አነሣቸዋለሁ።

ከላይ የሰፈረው ያየሁት፣ የሰማሁትና በእጄ ሞክሬ ያረጋገጥኩት ነው። ማንም ሳያስገድደኝ የሰጠሁት እውነተኛ ቃሌ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ በላይነህ አገኘሁ
የእናት አሻራ፦ ወ/ሮ እማዋይሽ
ሙከራውን በአካል ያዩ፦ አቶ ገበያው (ፊርማ)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሳጅን ደሞዝ (ፊርማ)