ያልተጣራ የምሥራች

ሸማ ተራ ነጠላ ልገዛ ወጥቼ ነበር። እዚያ ሰፈር ነጠላ ፍለጋ የሄደ ሰው ነጠላውን ሳይመርጥ የዓለምን ምስጢር ሁሉ ሰምቶ ይመለሳል፤ በተለይ አቶ ዘውገ ሱቅ ደጃፍ ከቆመ። ያን ዕለትም አቶ ዘውገ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ስልካቸውን ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርገው ይዘው ነበር።

«አውሮፕላኑ ተራራ ላይ ተከሰከሰ አሉን። ታዲያ አንድ ሙሉ አስከሬን ያየ አለ? ሰዎቹን ሌላ ቦታ አሳርፈው ደብቀዋቸዋል። ይኸውላችሁ፣ ቪዲዮው ላይ ያለው ይሄ ሰውዬ ሁሉንም ዘርግፎታል!»

ከበው የቆሙት ነጋዴዎችና ገበያተኞች ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሳይንስ መምህር ነኝና እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ልናገር ስል ግን ከኋላዬ «ጋሼ ዘውገ፣ እንደምን ዋሉ?» የሚል ለስላሳ ድምፅ ቀደመኝ።

ዞር ስል ሔርሜላ ናት፤ ጥቁር ለብሳለች። በልጅነቷ አስተምሬያታለሁ፤ አሁን እሷ ራሷ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች። ወንድሟ ማሙሸት ከሦስት ወር በፊት፣ አቶ ዘውገ በሚያወሩለት በዚያው አውሮፕላን ባሕር ማዶ ሲሄድ ነው የቀረው።

«ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎት ለብቻዎ ላነጋግርዎት ነበር» አለች።

«ከሰው የምደብቀው የለኝም፤ እዚሁ ንገሪኝ፣ ልጄ» አሏት። ይህን ማለታቸው በኋላ እንደሚቆጫቸው አላወቁም።

«እንግዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝ። እናቴን ምን አሏት?»

«እትዬ አመተ ሥላሴን? ተስፋ ሰጠኋቸዋ! ልጅዎ አልሞተም፣ ተይዞ ነው አልኳቸው። ይሄ ኃጢአት ነው?»

ሔርሜላ መሬት መሬት አየች። ታላቅን በሰው ፊት መውቀስ እንዴት እንደከበዳት ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

«እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ጥቁሯን አውልቃለች። አስከሬን የሚለዩት ሰዎች የጉንጯን ውስጥ በጥጥ ጠረግ አድርገው ከተገኘው አካል ጋር ማመሳከር ይፈልጋሉ። እኔ ሰጥቻለሁ፤ የእህት ብቻውን አይበቃም አሉን። እሷ ግን ‹ልጄ በሕይወት እያለ ሞቷል ብዬ አፌን አልከፍትም፤ ዘውገ ነግሮኛል› ብላ እምቢ አለች። ሳምንቱ ካለፈ ያልተለየው ሁሉ በሰው አገር በአንድ ጉድጓድ ይቀበራል። ማሙሸት ስም የሌለው ሊሆን ነው፣ ጋሼ።»

ከበው ከነበሩት አንዳንዱ ቀስ እያለ መሄድ ጀመረ። አቶ ዘውገ ግን እጅ አልሰጡም።

«የማሙሸት ስልክስ? በአደጋው ማግሥት ስደውልለት ጠርቷል! የሞተ ሰው ስልክ ይጠራል?»

«እርስዎ የሰሙት ጥሪ ከማሙሸት ስልክ የመጣ አይደለም። መሥመሩ የሚደወልለትን ስልክ እየፈለገ ሳለ ለደዋዩ ራሱ ያንን ድምፅ ያሰማል። ስልኩ ባይገኝም እርስዎ ጆሮ ላይ ሊጠራ ይችላል።»

«እሺ፣ እሱስ ይሁን። ኩባንያዎቹ አይዋሹም ልትዪኝ ነው? ትልልቆቹ ሁሉ አይደብቁም?»

«ይደብቃሉ!» አለች ሔርሜላ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ አለ። «አምራቹ በአብራሪው ያሳብባል፤ የአብራሪዎቹ ማኅበር ማሽኑ ነው ይላል፤ መርማሪዎቹም ገና አልተስማሙም። እኔም ማን ጥፋተኛ እንደሆነ አላውቅም። ወንድሜ ነውና ከማንም በላይ ማወቅ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ይጠርጥሩ፣ ጋሼ፤ አብረን እንጠይቅ። ግን መጠርጠር ማለት ጥያቄን ይዞ መቆየት እንጂ መልስ ፈጥሮ ማደል አይደለም። ይሄ ሰውዬ ደብቀዋቸዋል ሲል የት? ማን አያቸው? የሚበሉትን ማን ያበስልላቸዋል? አንዱንም አይመልስም።»

ይህን ስሰማ ያስተማርኳት በመሆኔ ኮራሁ፤ አቶ ዘውገን ሳይ ደግሞ አፈርኩላቸው። ይሁንና ገና አልተረቱም፤ ስልካቸውን ጭብጥ አድርገው ይዘዋል። ክርክሩን የጨረሰው ፊዚክስ አልነበረም።

«ጋሼ» አለች ሔርሜላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የማሙሸትን መርዶ ለእናቴ የነገሯት እርስዎ ነዎት። ያን ጊዜ እንዴት አደረጉ?»

አቶ ዘውገ ቀና አሉ። በእድራቸው ውስጥ ለመርዶ የሚመረጡ ሰው ናቸው፤ በዚህም ይከበራሉ።

«በሥርዓቱ ነዋ! መጀመሪያ የአየር መንገዱ ቢሮ ሄጄ ስሙን አስነበብኩ። አንድ ጊዜ አላመንኩም፤ የአባቱንና የአያቱን ስም ደግመው እንዲነግሩኝ አደረግኩ። ከዚያ ሽማግሌ ያዝኩ፤ ይሄውና ጠሀም አብሮኝ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ሄድን።»

ሸማ የሚሸጡት ጎረቤታቸው አቶ ጠሀ ከሱቃቸው በር ላይ ሆነው «ነበርኩ» አሉ።

«ለምን በስልክ አልነገሯትም?»

«ምን ነካሽ? መርዶ በስልክ! ብሳሳትስ? እናትን በከንቱ አስለቅሼ በየት በኩል እገባለሁ?»

«እንግዲያው ጋሼ፣ ሞተ ለማለት ይህን ያህል ካጣሩ፣ አለ ለማለት የትኛው ቢሮ ሄዱ? የማንን ስም ሁለት ጊዜ አስነበቡ? የትኛውን ሽማግሌ ይዘው መጡ?»

አቶ ዘውገ ወደ አቶ ጠሀ ዞር አሉ። አቶ ጠሀ ቀስ ብለው «እውነቷን ነው፣ ዘውገ፤ ይሄንን ለመንገርስ ብቻህን ነው የሄድከው» አሉ።

«ባለፈው ሳምንት እናቴ ከርስዎ የገዛችው ጋቢ ለማን ይመስልዎታል?» ስትል ሔርሜላ ቀጠለች።

«ለስጦታ ነው ብለውኝ...»

«ለማሙሸት ነው። ሲመጣ እንዳይበርደው ብላ።»

«ቅናሽ አድርጌላቸው ነበር» አሉ አቶ ዘውገ፤ ከአፋቸው የወጣውን ወዲያው ሰሙትና ፊታቸው ተለዋወጠ። ስልኩን ከነጠላዎቹ ሥር ወሸቁት። «እናትሽ ሲያለቅሱ ማየት አልቻልኩም ነበር» አሉ። «ግን እሱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ሰው ሲሰበሰብልኝ ደስ አለኝ፣ ልጄ። ዘውገ ያውቃል ሲሉኝ ደስ አለኝ። በወንድምሽ ነው ሰው የሰበሰብኩት። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!»

እኛ የመርዶን ሥርዓት ከወላጆቻችን ተቀብለን እስከ ዛሬ አክብረነዋል፤ ሐዘን የሚጎዳ ነገር ነው ብለን ስለምናምን። የምሥራች ግን አይጎዳም ብለን እንደ ቆሎ እንበትነዋለን። የሐሰት የምሥራች ሰውን ሁለት ጊዜ እንደሚያስለቅስ ማናችንም አላሰብንበትም።

አቶ ዘውገ ሱቃቸውን ዘግተው ከሔርሜላ ጋር ናሙና ወደሚሰበሰብበት ቢሮ ሄዱ። እዚያም ማሙሸት ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ ወደ አውሮፕላኑ ሲገባ ካሜራ ያነሳውን ምስል በዓይናቸው አዩ። አውሮፕላኑ በዚያ ፍጥነት ተራራ ሲመታ ሙሉ አስከሬን ለምን እንደማይገኝ ጠይቀው የቢሮው ሰዎች አስረዷቸው። ማታ ደውለው «ነገ አብረውን ይሂዱ፣ መምህር» አሉኝ።

በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል አቶ ዘውገ፣ አቶ ጠሀና እኔ ጋቢያችንን ተከናንበን አብነት ሰፈር እትዬ አመተ ሥላሴ ቤት ደረስን። ሔርሜላ በር ከፈተችልን። እትዬ አመተ ሥላሴ ሲያዩን ተነሥተው ቆሙ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ የመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቁታል።

አቶ ዘውገ አንገታቸውን ደፍተው «እትዬ፣ ማሙሸት የለም» አሉ። «ያን ጊዜ የነገርኩዎት እውነት ነበር። ከዚያ በኋላ የነገርኩዎት ግን...»

«ዘውገ» አሏቸው እትዬ አመተ ሥላሴ።

«አቤት፣ እትዬ።»

«ቀና በል። የልጄን መርዶ መሬት እያየህ አትነግረኝም።»

አቶ ዘውገ ቀና አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ተይዟል ያልከኝን አጣርተህ ነበር?»

«አላጣራሁም። ከስልክ ላይ ሰምቼ ነው።»

«የዛሬውንስ?»

«ሲሳፈር የተነሳውን በዓይኔ አይቼ፣ ያልገባኝንም ጠይቄ ነው። ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም፤ አፍሬያለሁ።»

እትዬ አመተ ሥላሴ ቁጭ አሉና እንደ አዲስ አለቀሱ። ከመጀመሪያው ቀን የባሰ ለቅሶ ነበር፤ ሦስታችንም አብረን አለቀስን። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ፊታቸውን ታጥበው ጥቁራቸውን ለበሱ። «ሔርሜላ፣ ውሰጂኝ» አሉ። ቢሮው ሲከፈት ከበሩ ላይ ነበርን፤ ጥጡን የያዘችው ልጅ ሳትጠይቃቸው አፋቸውን ከፈቱላት።

አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚህ የተገኘውን ጥቅም ልንገርህ። የማሙሸት አካል ተለይቶ አገሩ ገባ፤ እናቱም ሄደው የሚያለቅሱበት መቃብር አገኙ። የተጎጂ ቤተሰቦች ማኅበር ስለ አደጋው ምክንያት ሲጠይቅ እትዬ አመተ ሥላሴም ከፊት ቆመው ይጠይቃሉ፤ ልጁን የሚጠብቅ ሰው ስለ ገዳዩ አይጠይቅም ነበርና። እድሩም በአቶ ዘውገ አሳብ አንድ ደንብ ጨመረ፦ ስለ ጠፋ ሰው የሚነገር ወሬ፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ እንደ መርዶ ተጣርቶ በሽማግሌ ይነገር የሚል።

የቀብሩ ዕለት፣ ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ከሸማ ተራ የመጣ አንድ ነጋዴ ወደ አቶ ዘውገ ተጠግቶ «ለመሆኑ አውሮፕላኑን ምን ጣለው? እርስዎ መቼም አያጡትም» አላቸው።

አቶ ዘውገ ፊታቸው ቀላ። እትዬ አመተ ሥላሴ ከመቃብሩ ራስጌ ሆነው ያዩዋቸው ነበር።

«አላውቅም» አሉ አቶ ዘውገ፤ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው። «እየተጠየቀ ነው። እኔ የማውቀው ማሙሸት እዚህ መሆኑን ብቻ ነው።»