ጀንበሯ ጠለቀች?

ከመገናኛ ወደ መሪ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ፣ የሶላት ቆብ ያደረገ አናጢ ከጎኑ ካሉት እናት ጋር ወሬ ይዟል።

«እማማ፣ እንጦጦ ላይ የአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ጣራ እያደስን ነው።»

«ሙስሊም አይደለህ እንዴ?»

«ነኝ! ቄሱም መጀመሪያ እንደዚሁ ነው ያሉኝ። አሁን ጓደኛዬ ሆነዋል!»

«እንዴት ሆኖ?»

«ጾማችን ገጠመ። የሳቸው ሁዳዴ፣ የኔ ረመዳን። ከቅዳሴ ሲወጡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮ ይዘው መጡና ‹ና ውረድ፣ ጾማችንን እንፍታ› አሉኝ።»

«በላህ?»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ! የኔ ጀንበር ስትጠልቅ ነው አልኳቸው። ሽሮውን መልሰው ከደኑት።»

«ተቀየሙሃ!»

«እኔም መስሎኝ ነበር! ለካ እስክፈታ ሊጠብቁኝ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለኔ በልተው አያውቁም!»

«በዚህ እርጅናቸው?»

«እምቢ አሉኝ እኮ! ዛሬ እንኳን ልጄን ስላመማት በጊዜ ወረድኩ።»

ስልኩ ጠራ።

«አባ! ኧረ ገና መንገድ ላይ ነኝ። ጀንበሯማ እዚህ በፎቅ ተጋርዳ አትታይም… ጠለቀች? በደንብ አይተዋል?»

ከኪሱ ቴምር አወጣ።

«እማማ፣ ከተራራው ላይ ሆነው እያዩልኝ ነው! እጃቸውን ታጥበው ‹በል ቅመስና እኔም ልቅመስ› ይሉኛል!»

አንገቴን አዙሬ በኋላው መስታወት እንጦጦን ፈለግኩ።