በወንዙ አፍ የሚያዙት እናቶች

አባ መረቡ ያን ቀን ወደ ዓሣ መበለቻው መጠለያ የገቡት ቢላዋቸውን ሊያስሉ ነበር እንጂ ከማንም ጋር ሊከራከሩ አልነበረም። በሩ ላይ ግን ደንግጠው ቆሙ። አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት፣ ለወፎች ከሚጣለው የዓሣ ጭንቅላት ክምር አጠገብ በርከክ ብላ፣ ጭንቅላቶቹን አንድ በአንድ እያነሣች ባልዲ ውስጥ ትጨምራለች።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?» አሉ።

ዓሣ የምትበልተው ሴትዮ ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ ሳቀች። «እኔም ጠይቄያት ነበር። ሥጋውን ልስጥሽ ብላት፣ የለም ጭንቅላቱ ይበቃኛል አለችኝ። የተማረ ሰው አመሉ አይታወቅም!»

ወጣቷ ቀና ስትል ሽማግሌው ዐወቋት። አብሯቸው ዘመኑን ሁሉ መረብ ሲጥል ኖሮ የሞተው ባልንጀራቸው ልጅ ናት። ተመልሳ በሐይቁ ዳር ባለው የምርምር ጣቢያ መቀጠሯን ሰምተው ነበር፤ ዓይን ለዓይን ሲገናኙ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«እንደምን ዋሉ አባባ?» አለች እጇን በጋዋኗ እየጠረገች።

«ደኅና ነኝ ልጄ። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልጄ ተምራ ትልቅ ሰው ትሆናለች እያለ ሲያወራ ጆሮዬን አደንቁሮት ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ጭንቅላት ለቃሚ ሆንሽ?»

«ሆንኩ እንግዲህ» አለች ፈገግ ብላ። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «አባባ፣ እንዲያውም ቤትዎ ልመጣ አስቤ ፈርቼ ነው የቀረሁት። ነገ ጠዋት በወንዙ አፍ መረብ እንዳይጥሉ ልለምንዎት ነበር።»

መጠለያው ውስጥ የነበረው ሁሉ ሥራውን አቆመ። ለምን እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት ያስፈልጋል። በዚያ ሐይቅ ዝናቡ በርትቶ ወንዙ ሲሞላ፣ ትልልቆቹ ዓሦች ከጥልቁ ወጥተው በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። የዓመቱ ትልቁ ምርት የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። በአጥማጆቹ ልማድ ደግሞ አባ መረቡ ቀድመው ሳይጥሉ ማንም አይጥልም፤ እሳቸው ካልጣሉ ሁሉም ይቀራል። ለነገ ጀልባዎቹ ሁሉ ተዘጋጅተዋል። ምርቱ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ስለ መጣም የሽማግሌው ልጅ «ዘንድሮም ባዶ እጄን ከተመለስኩ ይህን ሥራ ትቼ እሄዳለሁ» ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል።

«ምን አልሽ?» አሉ አባ መረቡ ድምፃቸው ወፍሮ። «እኔ ሐይቁን የምጎዳ ሰው ነኝ? ትንንሽ ዓሣ መረቤ ውስጥ ሲገባ በእጄ እያወጣሁ ወደ ውኃው እመልሳለሁ። ትንሽ ዓሣ የያዘ ወጣት እኔ ፊት አይቆምም። ትልልቁን ብቻ ነው የምወስደው። ይህን ሕግ ለአባትሽ ያስተማርኩት እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ፤ አባቴም አስተምሮኛል። ስሕተቱ ያለው ግን እዚያው ላይ ነው አባባ።»

«ስሕተት?» አሉ፤ ዓይናቸው ፈጠጠ።

ወጣቷ ይዛው መጥታ ሳጥን ላይ ወዳስቀመጠችው ማጉያ መነጽር ወሰደቻቸው። ከሥሩ ከምስር ፍሬ ብዙ የማትበልጥ፣ መሐሏ ተሰብሮ የተላገች ነጭ ነገር ነበረች።

«ይህች የዓሣ የጆሮ ጠጠር ናት። ባለፈው ሳምንት እርስዎ ከያዟት ከዚያች ትልቅ ዓሣ ጭንቅላት ውስጥ ያወጣኋት ናት። ዓሣዋ ባደገች ቁጥር ጠጠሯም ታድጋለች፤ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨመርባታል። ይቁጠሯቸው።»

አባ መረቡ እያጉረመረሙ ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ ምንም አልታያቸውም። ቀጥሎ ቀለበቶቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው ብቅ አሉ። በሹክሹክታ መቁጠር ጀመሩ፤ ጠፍቶባቸው እንደገና ከመሐሉ ጀመሩ፤ ሲጨርሱ ቀና ብለው ወጣቷን አዩዋት።

«ዐሥራ ስምንት ሆነብኝ።»

«ለእኔም ዐሥራ ስምንት ነው የሆነው።»

«ዓሣ? ዐሥራ ስምንት ዓመት?» እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ኧረ ተይ! ዓሣ በሁለት ክረምት የሚያድግ አይደለም እንዴ? የመጨረሻዋ ልጄ እኮ ገና ዐሥራ ስድስቷ ነው!»

«አያ!» አለች ዓሣ የምትበልተው ሴትዮ፤ እጇ ላይ ያለውን ዓሣ እንደ ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች። «ስንት የልጆቼን ታላላቆች ነው የበለትኩት?»

ማንም አልሳቀም። ወጣቷ ያንኑ ዓሣ ተቀብላ ሆዱን ከፈተችው። ቢጫ እንቁላል መክተፊያው ላይ ግልብጥ ብሎ እስከ ጠርዙ ፈሰሰ።

«እንዲህ ያለችው ትልቅ እናት የምትጥለው እንቁላል ገና መውለድ ከጀመረችው ትንሽ ዓሣ እንቁላል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እርስዎ በርኅራኄ የሚመልሷቸው ትንንሾች ግማሾቹን ወፍ ይበላቸዋል፤ ግማሾቹን ሌላ ዓሣ ይውጣቸዋል። ይህች ግን ያን ሁሉ አልፋ እናት የሆነች ናት። ወደ ወንዙ አፍ የምትመጣውም ሽቅብ ወጥታ እንቁላሏን ልትጥል ነው።»

«እኛ ደግሞ...» አሉ ሽማግሌው፤ ሳይጨርሱት ቀሩ።

«እኛ ደግሞ ምጥ ይዟት ወደ ማዋለጃ ቤት የምትሄደውን ሴት በር ላይ ጠብቀን እንይዛታለን።»

ብዙዎቻችን እንስሳትን የሚመረምር ሰው ስናይ ሥራ ያጣ ይመስለናል። ዓሣን መያዝ ካወቅን ዓሣን ያወቅን ይመስለናልና። አባ መረቡም እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። ወገባቸውን ይዘው ፊት ለፊቷ ቆሙ።

«ይሁን፣ እናቶች ናቸው እንበል። ሐይቁ ግን አንድ ውኃ ነው። እዚህ ቢቀንስ ከዚያ ማዶ ይመጣል። እኔና አባትሽ ወጣት ሳለን በምዕራቡ ወንዝ አፍ ነበር የምናጠምደው፤ በአንዱ ዓመት ዓሦቹ ጠፉ። የሞተር ጀልባ ድምፅ አስቀየማቸውና ወደዚህኛው ወንዝ ተዛወሩ። እኛም ተከትለናቸው መጣን።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር የማምነው። ምርምሬን የጀመርኩት እንዲያውም እነሱን ልፈልግ ብዬ ነው» አለች ወጣቷ። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «በሕያው ፍጡር ሁሉ ሰውነት ውስጥ ከእናትና ከአባት የሚወረስ ምልክት አለ፤ ዘረ መል ይባላል። ከዓሣው ክንፍ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ወስደን በቤተ ሙከራ ብናየው ዓሣው የማን ቤተሰብ እንደሆነ ይነግረናል። በምዕራቡ ወንዝ የቀሩትን እጅግ ጥቂቶች መረመርናቸው። እዚህ የሚያዙትንም ለሦስት ክረምት መረመርን። ሁለቱ ለየብቻ ቤተሰብ ናቸው። እያንዳንዱ ወንዝ የራሱ ዓሦች አሉት፤ የሚመለሱትም ወደ ተወለዱበት ነው። ከምዕራቡ መጥቶ እዚህ የገባ አንድም አላገኘንም።»

«ታዲያ እነዚያ ሁሉ የት ሄዱ?»

«የትም አልሄዱም አባባ። በላናቸው። እኔንም ያሳደገኝ አባቴ ከእነሱ እያመጣ ነው።»

አባ መረቡ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አሉ።  «ተቀይመው ሄዱ እያልኩ ለልጅ ልጆቼ ስነግር ኖሬ» አሉ። «ይሄኛው ወንዝም ካለቀ... ከየትም የሚመጣ የለም ማለት ነው?»

«የለም።»

ይህን ጊዜ ልጃቸው የነገውን መረብ በትከሻው ተሸክሞ ከበሩ ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር። መረቡን መሬት ላይ ወረወረው።

«እና እኛ ድንጋይ እንብላ? አንቺ እኮ ዓሣ ጠፋ አልጠፋ ደመወዝሽን ትበያለሽ!»

«እውነትህን ነው። ለመናገር የፈራሁትም ለዚህ ነው» አለችው። «የምንለምናችሁ ወንዙ አፍ ብቻ፣ ሽቅብ የሚወጡበት ጥቂት ሳምንት ብቻ እንዲተው ነው። ጥልቁ ላይ ዓይኑ፣ ማለት ቀዳዳው፣ በተመጠነ መረብ መካከለኛውን ያዙ። ትንሹ ያልፋል፤ ትልቋም ጭንቅላቷ ስለማይገባላት ተመልሳ ትሄዳለች። የመጀመሪያው ዓመት ይከብዳል፣ አልዋሽህም። ሁለተኛውም ሊከብድ ይችላል። የዘንድሮ ጫጩቶች ሲደርሱ ግን እንደ አሁኑ ቀን ሙሉ ነዳጅ ፈጅታችሁ ባዶ ጀልባ አትመልሱም። ልጅህም ካንተ ሊማረው የሚችል ሥራ ይኖረዋል። ነገ ከጣላችሁ ደግሞ ዘንድሮ ትጠግባላችሁ፤ ከዚያ በኋላ አንተ ብቻ ሳትሆን ሁላችንም ትተን እንሄዳለን።»

ልጁ አባቱን አየ። አባ መረቡ ግን የተወረወረውን መረብ አንሥተው ወጥተው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ጀልባዎቹ በወንዙ አፍ ተደርድረው የሽማግሌውን እጅ ይጠብቁ ነበር። አባ መረቡ ከፊት ነበሩ፤ ልጃቸው ይቀዝፍላቸዋል። መረቡን አነሡ። ሁሉም የየራሱን መረብ ጨበጠ። እሳቸው ግን እጥፍ አድርገው ከሥራቸው አኖሩትና ተቀመጡበት።

«ሰማችሁኝ?» አሉ ጮክ ብለው። «የምዕራቡን ወንዝ የጨረስነው እኔና ባልንጀራዬ ነን፤ ይህን ትናንት ነው ያወቅሁት። ይሄኛውን አልጨርስም። ከዛሬ ጀምሮ ትልቋንም ትንሿንም እንተዋለን፤ የምንይዘው መካከለኛውን ነው፤ ያውም ጥልቁ ላይ። የሚርበው ሰው ቢኖር ቤቴ ይምጣ፤ ያለኝን እንካፈላለን።»

«አብደዋል!» አለ አንዱ ከኋላ። ወዲያው ውኃው ከሥራቸው ጠቆረ። ከውኃው ጥልቀት ማነስ የተነሣ ጀርባቸው ከላይ እየታየ፣ ጎን ለጎን ተጣብቀው፣ የጀልባዎቹን ሆድ ዱብ ዱብ እያደረጉ ትልልቆቹ ዓሦች ሽቅብ ማለፍ ጀመሩ። ተቆጥቶ የነበረው ሰውዬ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር አንዳቸውም አይተው አያውቁም ነበር፤ ሁልጊዜ መረብ ይቀድማቸው ነበርና።

«ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ቆሜ» አሉ አባ መረቡ በሹክሹክታ፣ «ሲያልፉ አላየሁም።»

 ልጃቸው መቅዘፊያው ዓሦቹን እንዳይነካ ቀስ አድርጎ ከውኃው አወጣው።