ዘንዶው ይጠብቀኛል

ስልኬ ላይ ያለውን የጀግናና የዘንዶ ጨዋታ እዚሁ ከተማ ዋራበሌ ሰፈር ያለችው ጓደኛዬ ሰናይት ትንቀዋለች። «ይሄም ውጊያ ነው? አንቺ መትተሽ እስክትጨርሺ ዘንዶው አፉን ከፍቶ ተራውን ይጠብቃል!» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ጨዋታው ይንቀራፈፋል፤ የሚጻፈውም በፈረንሳይኛ ስለሆነ ግማሹ አይገባኝም። ግን እኔ በሰው አገር ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማዳም «ውሃ!» ስትል እሮጣለሁ፤ «በር ክፈቺ!» ስትል እሮጣለሁ። ስመለስ ዘንዶው እንደቆመ ነው። በዚህ ቤት ከሱ ሌላ ማን ይጠብቀኛል?

በቀደም ከሰዓት የማዳም ባል ከእንግዶቹ ጋር ሳሎን ጫት ይዘዋል። እኔ ማድቤት ቁጭ ብዬ ዘንዶውን ልጥለው አንድ ምት ቀርቶኛል። ማዳም «ሻይ አምጪ!» ብላ ተጣራች። አፌን አዳለጠኝና «ቆይ፣ ተራዬ ነው!» ብዬ ጮህኩ። የነጠላ ጫማዋ ኮቴ ሲቀርብ «አለቀልኝ» አልኩ። መጥታ ከጀርባዬ ስልኩን አየችው።

«ታዲያ ምቺው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛዋ።

መታሁት፤ ዘንዶው ወደቀ። ማዳም ፔርሙዙን አነሳችና ሻዩን ራሷ ይዛ ሄደች።