ለነፍሰ ጡር የተከለከለው ወተት

ኅዳር ፲፱፻፺፱ ዓ.ም. ድንበሩን ተሻግሬ ወደ ኬንያው ሞያሌ የሄድሁት ቴርሞስ ልገዛ ነበር። ሄሉ የሚባለው ሰፈር ስደርስ ግን ዝናብ ያዘኝና ሰሊም የሚባል የአገሬ ሰው ሱቅ ውስጥ ተጠለልሁ። ሰሊም ከወሎ መጥቶ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነው። እሱ ለዕቃ ናይሮቢ ወርዶ ስለ ነበር ሱቁን የያዙት እናቱ እማማ ጣይባና የስምንት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ሚስቱ ኑርሀን ነበሩ። ከዝናብ ተጠልሎ ክርክር መስማትን የመሰለ ነገር አላውቅምና ያን ቀን ዕድለኛ ነበርሁ።

ጥቂት ቆይታ ቆቲሌ ገባች። ቆቲሌ የቦረና ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ፣ ኮሌጅ እስክትገባ ድረስ ከድርቁ የተረፉትን የእናቷን ላሞች ወተት ከቦሪ መንደር እያመጣች ትሸጣለች። ጄሪካኗን አስቀምጣ ቀና ስትል ኑርሀን መደርደሪያውን ይዛ ስትንገዳገድ አየቻት። ደግፋ አስቀመጠቻትና የዐይኗን ቆብ ገልበጥ አድርጋ ተመለከተች። ደም እንዳነሰው ሰው ውስጡ ነጥቷል። ወዲያው ማለዳ ከተፈላው ወተት አንድ ብርጭቆ ቀዳችላት።

እማማ ጣይባ ብርጭቆውን ነጠቋት።

«ምን ልታደርጊያት ነው? ነፍሰ ጡር ወተት አትጠጣም!»

«ለምን፣ ማማ ጣይባ?»

«ልጁ ላይ ይለጠፋላ! ገላው ሁሉ ነጭ ተለቅልቆ ይወለዳል። ደግሞም ያገዝፈዋል፤ የገዘፈ ልጅ እናቱን ይገድላል። ወይስ ወተትሽን ልትሸጪ ነው?»

«ይኼ በነፃ ነው» አለች ቆቲሌ እየሳቀች። «ዛሬ ምን በላች?»

«ቁራሽ ቂጣ በሻይ። ይበቃታል። እኔም እንደዚያው ነበርሁ።»

ኑርሀን አንገቷን ደፋች። ምራት አማቷ ፊት ራበኝ አትልም። እኔ ግን ተናደድሁ። ወተት ደጃፉ ድረስ በሚመጣበት ቤት ነፍሰ ጡር በረኀብ ስትዝለፈለፍ ማየት ያናድዳል። አፌን ልከፍት ስል ቆቲሌ ቀደመችኝ፤ ደግ አደረገች፤ በእኔ ቁጣ ነገሩ ይበላሽ ነበር።

«ማማ፣ ልነቅፍዎት አይደለም። እኛም ዘንድ የራሳችን አለን። አያቴ፣ አራስ ልጅ ጡት ከመያዙ በፊት ስኳር በውሃ ካልቀመሰ ትል ነበር።»

«እሱማ ስሕተት ነው!» አሉ እማማ ጣይባ ፈጥነው። «እኛ የምናውጠው ቅቤ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። በዝናቡ አሳብቤ ፊቴን ወደ ደጅ አዞርሁ።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ቆቲሌ። «አምና በድርቁ ጊዜ ቱሪን ያዋለዱት እርስዎ አይደሉም?»

ቱሪ ከብቶቿ ሲያልቁባት ከዳበል መንደር ተነሥታ እዚሁ ጎረቤት የተጠጋች ሴት ናት።

«እኔ ነኝ እንጂ! ልጁን ያጠብሁት በዚህ እጄ ነው።»

«እንዴት ሆኖ ተወለደ?»

«ነጭ ተለቅልቆ! ባጥበው ባጥበው አልለቅ ብሎኝ!»

«ታዲያ ቱሪ ወተቱን ከየት አገኘችው?»

እማማ ጣይባ በእጃቸው የያዙትን ብርጭቆ አዩት።

«ከየት ታመጣለች» አሉ። «አንዲት ላም እንኳ አልቀረቻትም። ዱቄትና ሻይ ቅጠል የምልክላት እኔው ነበርሁ። ከማርገዟ እስከ መውለዷ ወተት ባፏ አልዞረም።»

«ነጩ ነገር ከወተት አይመጣም፣ ማማ። ማሕፀን ውስጥ ሳለ የልጁን ቆዳ የሚጠብቅ ቅባት ነው። እናትዬው ጠጣችም አልጠጣችም ይኖራል።»

ሴትዮዋ ግን በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም።

«ግዝፈቱስ? እኅቴ ሦስት ቀን አምጣ ነው የሞተችው። ልጁ ትልቅ ነው አሉ። ይህችን የምከለክላት ጠልቻት መሰለሽ? እንዳትሞትብኝ ነው!» ዕንባቸው መጣ።

«ፖሌ፣ ማማ» ብላ በስዋሂሊ እያጽናናቻቸው ቆቲሌ እጃቸውን ያዘች። «እኅትዎን ሐኪም ቤት ያደረሳት ነበር?»

«ማን ያደርሳታል? መንገዱስ የት ነበር?»

«ዛሬ አለ። ምጡ ቢጠናባት ሐኪም ይደርስላታል። ደም ያነሳት ሴት ግን ስትወልድ የሚፈስሳትን ደም አትችለውም። መራቧ ምጡን አያቀልላትም፤ ጉልበቷን ነው የሚወስድባት። ወተቱም፣ ሥጋውም፣ ባቄላውም ያስፈልጋታል። ነገ ክሊኒክ ሄዳ ደሟ ይታይላት።»

እማማ ጣይባ ዕንባቸውን ጠረጉ።

«ሰባት ጊዜ አርግዣለሁ» አሉ። «ሰባቱንም ጊዜ በእጄ አልቤ፣ ሽታው እያማረኝ ለሰው ሰጥቻለሁ። ያ ሁሉ በከንቱ ነበር ማለት ነው?»

እማማ ጣይባ ብርጭቆውን ለኑርሀን ሰጧት። ኑርሀን በሁለት እጇ ተቀብላ አልጠጣችም፤ መልሳ ወደ አማቷ አፍ አስጠጋችው።

«መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱልኝ፣ እማዬ።»

አንድ ጊዜ ተጎነጩና ጨርሺው አሏት። ኑርሀን ሳታቋርጥ ጠጣችው።

ጥር ላይ ተመልሼ ስሻገር ኑርሀን ሐኪም ቤት በሰላም ተገላግላ፣ ፊቷ ወዝቶ ሴት ልጇን ስታጠባ አገኘኋት። ሕፃኗ ከመጀመሪያዋ ሰዓት አንሥቶ ከእናቷ ጡት በቀር ቅቤም ስኳርም አልቀመሰችም፤ እንደ ልቧ ትጠባለች፣ ትተኛለች። እማማ ጣይባ ደግሞ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው በዚያ የምታልፍን ነፍሰ ጡር ሁሉ እየጠሩ፣ «ወተት ጠጪ፤ ሆድሽ እስኪጠግብ ብዪ፤ ደምሽን አስመርምሪ፤ ምጥሽ ሲመጣ ቤት አትቆዪ» ይላሉ።

«ይህን ማን ነገረዎት?» ያሏቸው እንደ ሆነ፣ «ማንም አልነገረኝ፤ በገዛ እጄ አጥቤ የደረስሁበት ነው!» ብለው ይቆጣሉ።

ቆቲሌ ይህን ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምታለች። ወተቷን እየቀዳች ፈገግ ትላለች እንጂ አንድም ቀን አላረመቻቸውም።