የጋሽ ሞረድ ስድስት ሰዓት

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው። ጠብታ ውሸት ቢገኝበት ብዕሬ እጄ ላይ ይድረቅ! አንድ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጊዜ ሦስት ማሽን ሲያሠራ ኖሯል። ሲያስነጥስ እንኳ ሦስቱም ማሽኖች እስኪጨርስ ይጠብቁታል ይባላል። ይሄን ግን ሰው ነው የነገረኝ፤ አልምልበትም።

ሰውየው ጋሽ ሞረድ ይባላሉ። ስሙ የወጣላቸው ብረት ስለሚሞርዱ ሳይሆን ምላሳቸው ሰው ስለሚሞርድ ነው። በፋብሪካው ውስጥ በስተግራቸው ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ቶርኖ፣ በስተቀኛቸው መብሻ፣ ከኋላቸው የብረት መጋዝ አለ፤ እሳቸው መሐል ይሽከረከራሉ። ቶርኖው የዊልቸር ጎማ እምብርት ያወጣል፣ መብሻው የበር ማጠፊያ ይበሳል፣ መጋዙ የፓምፕ ዘንግ ይቆርጣል።

አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ ዝናብ ያዛቸውና አንድ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ተጠለሉ። እዚያ ማንን ቢያገኙ ጥሩ ነው? የእህታቸውን ልጅ! ልጅቱ የተማረች ናት፤ እዚያው ፋብሪካ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ሠራተኛው የሞላውን የሰዓት ወረቀት ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባለች።

“ደህና ዋሉ ጋሼ?”

“ደህና ውያለሁ የኔ ልጅ። ምነው ፊትሽ? ደመናው አንቺ ላይ ወረደ እንዴ?”

“ምን ላድርግ ጋሼ፣ የምነግርዎት ጠፍቶኝ ነው። የጎማ እምብርቱ ሥራ ሊቆም ነው። ሥራ አስኪያጁ ዓርብ ይወስናሉ።”

ጋሽ ሞረድ ክው አሉ። ያ እምብርት ለሳቸው ተራ ብረት አይደለም። ታላቅ እህታቸው፣ የዚችው ልጅ እናት፣ እግራቸው ከከዳቸው ጀምሮ ከክፍል ወደ ክፍል የሚሄዱት ወንድማቸው ባወጡት እምብርት በሚሽከረከር ዊልቸር ነው። ለዚህ ነው ጋሽ ሞረድ ጠዋት ጠዋት ከሁሉ አስቀድመው ቶርኖውን የሚነኩት።

“ምን አጠፋና ነው የሚቆመው?”

“ጊዜ ይበላል ተባለ። ኮምፒውተሩ እንደሚለው እርስዎ ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ብቻ ነው የሚውሉት።”

“ኮምፒውተርሽ ቀጣፊ ነው!”

“የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው ጋሼ። ወረቀትዎ ላይ በየቀኑ ‘የጎማ እምብርት፣ ስድስት ሰዓት’ ብለው ይፈርማሉ። ማጠፊያው የት ሄደ? ዘንጉስ?”

“ጠዋት መጀመሪያ የነካሁት ሥራ የቀኑ ባለቤት ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰውዬ እንዲህ ነበር የሚጽፉት፤ እኔም እንዲሁ።”

“እንግዲያው ማጠፊያው ያለ ሰው እጅ በተአምር የሚሠራ መሰለ። እምብርቱ ደግሞ የሁለቱን ሸክም ለብቻው ተሸክሞ ወገቡ ተቆረጠ።”

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ሰውየው የሚወዱትን ሥራ ያከበሩ መስሏቸው ሃያ ሁለት ዓመት ሲከሱት ኖረዋል። የመሰከረበት የገዛ ፊርማቸው መሆኑ ደግሞ የባሰ ነው። እሳቸው ግን በዋዛ የሚሸነፉ አይደሉም።

“እሺ፣ ለሦስቱም ስድስት ስድስት ሰዓት ጻፊላቸው። ሦስቱም ጋ ነበርኩ፣ ማን ይከሰኛል?”

“ያኔ በቀን አሥራ ስምንት ሰዓት ሠሩ ይላላ!”

“ተይው ተይው! ሚስቴ ከሰማች ‘ለቤት ሥራ ሲሆን ነው ወገቤን የምትለኝ’ ብላ ታባርረኛለች።”

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቀጠለች፦ “ስድስቱን ሰዓት ለሦስቱ ማከፋፈል ነው ያለብን። ፕሮግራሙ ራሱ ይጠይቃል፤ ሦስት ሥራ አብረው ሲሄዱ እኩል ላካፍል ወይስ እንደ ድርሻቸው? ይላል።”

“ጊዜ ጨርቅ ነው እንዴ የሚቀደደው? ዓይኔ ቶርኖው ላይ፣ ጆሮዬ መጋዙ ላይ፣ እጄ መብሻው ላይ ነው። የትኛውን አካሌን ለየትኛው ልትጽፊ ነው?”

“እጅዎን። የማሽኑን ሰዓት ለብቻው እንይዛለን፤ እኔ የምፈልገው የሰውየውን ነው። ቶርኖው ብረቱን አንዴ ካሰሩለት ብቻውን ይሄድ የለ?”

“ፎቅ ላይ ተቀምጠሽ ምን ታውቂያለሽ?”

“አላውቅም። ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎም አያውቁም። ነገ እንቁጠረው።”

በማግስቱ ሦስት ባዶ የቀለም ጣሳና አንድ ኪስ ሙሉ ሮንዴላ፣ ያቺን መሐሏ ቀዳዳ የሆነ የብሎን ማስደገፊያ ቀለበት፣ ይዛ መጣች። ሐሳቧ አንድ ማሽን ጋ እጃቸውን በሰደዱ ቁጥር በዚያ ማሽን ጣሳ ውስጥ አንድ ሮንዴላ ጠብ እንዲያደርጉ ነው።

“አይሆንም!” አሉ ጋሽ ሞረድ። “አንዱ ጋ ስሄድ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው፤ ሌላው ጋ ሻይ ተጠጥቶ ያልቃል። እንዴት እኩል አንድ አንድ ይጣላል?”

“እውነትዎን ነው። ረዘም ሲል ሁለትም ሦስትም ይጣሉ። ይሄንንማ እኔ አላሰብኩትም።”

“ጉድ ነው፣ የተማረም ይስታል!” አሉና ደስ ብሏቸው ጀመሩ።

ረፋዱ ላይ የቶርኖው ቢላ ተሰበረ። ቀይረው፣ ለክተው እስኪያስተካክሉ ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። አምስት ሮንዴላ ከኪሳቸው አወጡ። እያንዳንዷ በእምብርቱ ላይ የምትመሰክር ናት። ቢያስቀሯቸው ማን ያያል? ዞር ዞር ብለው አዩ። በር ላይ ማንም የለም። እጃቸው ጣሳው አፍ ላይ ቆመ፤ ከዚያ አምስቱንም ለቀቋቸው።

ማምሻውን አብረው ቆጠሩ። ማጠፊያው ሠላሳ፣ ዘንጉ አሥራ ዘጠኝ፣ እምብርቱ ከነተሰበረው ቢላ አሥራ አንድ! በጠቅላላው ስድሳ።

“ከስድስቱ ሰዓት ለእምብርቱ አንድ ሰዓት ከምናምን ብቻ ነው የደረሰው ጋሼ። ግማሹን ቀን የዋጠው ማጠፊያው ነው።”

“ያ ድምፁን አጥፍቶ የሚበላ ማጠፊያ!” አሉ ጋሽ ሞረድና ጣሳ ላይ ተቀመጡ። አንገታቸውን ደፍተውም “ተሳስቻለሁ የኔ ልጅ፤ ገዳዩ እኔ ነበርኩ” አሉ።

ሥራ አስኪያጁ በአንድ ቀን ቁጥር ብቻ አላመኑም፤ እስከ ዓርብ ይቆጠር አሉ። በየቀኑ ቁጥሩ ትንሽ ቢወዛወዝም የእምብርቱ ድርሻ ትንሹ ሆኖ ቀረ፤ ሥራውም ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ የመጣውን ጥቅም ልንገራችሁ። ጊዜ የሚበላው ማጠፊያው መሆኑ ስለታወቀ አራት አራቱን አንድ ላይ ጨብጦ የሚይዝ መያዣ ተሠራለት። ለደንበኛ ‘ማክሰኞ ይደርሳል’ ሲባል ማክሰኞ መድረስ ጀመረ። ጋሽ ሞረድም እየተጣደፉ ጣታቸውን መላጥ ተዉ። እያንዳንዱ ሥራ የራሱን ጊዜ ብቻ ሲሸከም ንጹሑ በሌላው ጥፋት አይባረርም ማለት ነው።

አሁን፣ ብዕሬ ሳይደርቅ አንድ ነገር ልናዘዝ። ጋሽ ሞረድ “ተሳስቻለሁ” አሉ ያልኩት ፈጠራዬ ነው። አላሉም፤ ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ያደረጉት ሌላ ነው። ከመጀመሪያው ቆጠራ በማግስቱ ማንም ሳያዛቸው አራተኛ ጣሳ ከቤታቸው ይዘው መጡና በኖራ “ከአለቃ ጋር ወሬ” ብለው ጻፉበት። ልጅቱም ሳትስቅ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባችላቸው።